ለአጎቴ የላክሁት የክረምት ደብዳቤ

ኢየሩሳሌም ውስጥ የጣሪያ ቃብላን ዓመቱ ሦስት ወር ነው። የቀረውን ዘጠኝ ወር ስልኩን እያየ ይኖራል። ቃብላን እዚህ ተቋራጩን ነው የሚሉት፤ ተቋራጭ ሲባል ግን ሰው ክሬንና ኢንጂነር ይታየዋል። እኔ ያለኝ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ሁለት መሰላል፣ አንድ የጋዝ ሲሊንደርና ሦስት ሠራተኛ ነው። ጣሪያ እንዳያፈስ በሬንጅ እንሸፍናለን፣ ግድግዳ እንቀባለን። አለቀ።

ከፋሲካ በፊት ባለው ወር አገሩ ሁሉ ግድግዳው መሻገቱ ትዝ ይለዋል። ክረምቱን ሙሉ ከሻጋታው ጋር ተቃቅፎ የተኛ ሰውዬ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደውሎ "ነገ መምጣት ትችላለህ?" ይለኛል። ፋሲካ ሲያልፍ ጸጥ። በጋው ለጣሪያ የተፈጠረ ጊዜ ነው፤ ድንጋዩ ደርቋል፣ ሰማዩ ብራ ነው፣ ሬንጁ ሳያለፋ ይይዛል። ግን በጋ ላይ ጣሪያ የሚያስብ ሰው የታለ! ሰው በበጋ ባሕር ነው የሚያስበው። መስከረም ሲደርስ ደግሞ አንዲት መልስ አለች፤ "ከበዓላት በኋላ።" ባንኩም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ ደንበኛዬም "ከበዓላት በኋላ" ነው። የዳስ በዓል ያልፍና በማግስቱ ከተማው አንድ ላይ ቀና ብሎ ደመና ያያል። ያኔ ስልኬ አያስቀምጠኝም። እስከ ሲግድ፣ እስከ ቤተ እስራኤል በዓላችን፣ ቢበዛ እስከ መጀመሪያው ደህና ዝናብ ድረስ፣ የዓመቱን ጉርስ መልቀም አለብኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የተባለው ለእኔ ቢጤ ነው። አንድም ሰው እምቢ አልልም፤ ሦስት ጣሪያ በአንድ ሳምንት እይዛለሁ፣ እሮጣለሁ፣ አስሮጣለሁ። ከዚያ ዝናቡ ይመጣና፣ የዚህ አገር ክረምት ያኔ ነውና፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ቁጭ።

ይህን የማወራው ለማማረር ብቻ አይደለም፤ ባማርርስ ማን ይከለክለኛል። የማወራው ይህ አንዴ ሞልቶ አንዴ የሚጎድል ሥራ አጎቴን እንዴት እንዳሳጣኝ ነው። ሥራው አሳጣኝ ማለቴም ውሸት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። አባቴ ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን መንገድ ላይ ሞቶ ቀርቷል፤ እዚህ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አለው፤ መልኩን ግን አላስታውሰውም። ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሚመጡት እሳቸው ነበሩ፤ ወታደር ቤት ስገባ አውቶቡስ ድረስ የሸኙኝ እሳቸው፤ ሳገባ አባት ሆነው የቆሙት እሳቸው። በአገራቸው፣ በጎንደር ገጠር፣ የታወቁ ግንበኛ ነበሩ። እዚህ መጥተው ግን ሃያ ዓመት የሆቴል ኮሪደር ጠረጉ። እኔ ፈቃዴን አውጥቼ መኪናዋን ስገዛ መጥረጊያቸውን አስቀምጠው ከተፍ አሉ። "ልጄ ጣሪያ ላይ ሊወጣ እኔ ኮሪደር ልጠርግ? ኤዲያ!" አሉ። የመጀመሪያው ሠራተኛዬ እንዲህ ተቀጠሩ። ቀጠርኋቸው ማለት ከተቻለ ነው።

እውነቱን ለመናገር ስም ያወጣሁት በእሳቸው ነው። ኢትዮጵያ ጎዳናና እዚያ ዙሪያ ያሉት ቤቶች የድሮ ድንጋይ ናቸው። ውሃው በአንዱ ጥግ ይገባና በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ሌላ ክፍል አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። ሌላው ቃብላን መውረጃውን ደፍኖ ጣሪያውን በውሃ ሞልቶ የት እንደሚያፈስ ለማየት ሁለት ቀን ይጠብቃል። አጎቴ ግን ፀሐይ ድንጋዩን ሳታሞቀው በጠዋት ይወጡና ይንበረከካሉ፤ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ እየዳሰሱ፣ አንድ ቦታ ይቆማሉ። "ይኸው፣ እዚህ ገብቷል ሌባው" ይላሉ። አንድም ቀን ተሳስተው አላየሁም።

ክረምት ሲመጣ ሁለቱን ሌሎች ሠራተኞች እያሳረፍሁ አጎቴን ሦስት ክረምት አቆየኋቸው። ሥራ ስለነበረ አይደለም። ሥራ እፈጥርላቸው ነበር። መጋዘኑን ያስተካክሉ፣ ብሩሹን ይጠቡ፣ የመሰላሉን ዝገት ይፈግፍጉ እላለሁ። በሦስተኛው ክረምት ያንኑ መሰላል ሦስት ጊዜ ፈገፈጉት። ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል፤ አንድም ቀን ግን አልተነፈሱም። ለእሳቸው ሥራችን ወንፈል ነው፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። በወንፈል ደግሞ ሥራ የለም ተብሎ ሰው አይሸኝም። ሥራ ከሌለ አብሮ ይቀመጣል፣ ይወራል፣ ያለው ይበላል። "ሰው ለአጨዳ ብቻ አይፈለግም" ይሉ ነበር።

ከአራተኛው ክረምት በፊት ጦርነት መጣና በጋው ተበላሸ፣ ብዙ ሰው ቤቱን ማደስ ተወ። ሂሳብ የሚሠራልኝ ሰውዬ ወረቀቶቼን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ሁሉንም ሐላት አውጣቸው" አለኝ። ሐላት ያለ ደመወዝ የሚሰጥ እረፍት ነው፤ ሠራተኛው ለክረምቱ ይወጣል፣ መንግሥት ትንሽ ይደጉመዋል፣ በጸደይ ይመለሳል። "ሁሉም ቃብላን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሽማግሌውንም ጭምር" አለ። አጎቴን "ሽማግሌው" ሲላቸው ደሜ ፈላ። ግን ልክ ነበራ።

ለሁለቱ ሠራተኞቼ ከሥራ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገርኋቸው። ሁለቱም እዚህ አድገው እዚህ የወለዱ ሰዎች ናቸው። "ይገባናል አሒ፣ ሰባባ" አሉኝና፣ ወንድሜ ችግር የለም ማለታቸው ነው፣ ስለ እግር ኳስ ማውራታቸውን ቀጠሉ። አጎቴ ከፊት አጠገቤ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። አፌን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። እሳቸውን ኪርያት መናሔም ሰፈር በራቸው ላይ አውርጄ "ደህና ይዋሉ ጋሼ" ብዬ ሄድሁ።

በእኛ ዘንድ ልጅ አባቱን ፊት ለፊት "ከእንግዲህ አይምጡ" አይልም። ምላሱ ይቆረጥ! ከባድ ነገር ሲኖር ሰው ይላካል። ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ይወራል፣ ስለ ልጆቹ ይጠየቃል፤ ከዚያ ነገሩ ቀስ ተብሎ፣ ክብሩ ሳይነካ ይነገረዋል። ይህን አላውቅም ብል እግዜር ይታዘበኛል። አውቃለሁ። ግን ሽማግሌ ብልክ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማ ነው። "እሱም ጎደለበት እንዴ?" ሊባል ነው። በዚያው ሲግድ ላይ አዲስ ኮት ለብሼ በሰው መሃል ስንጎራደድ የነበርሁ ሰውዬ! ይሉኝታዬ አነቀኝ። ሂሳብ ሠሪው "ችግር የለም፣ ለሁሉም ደብዳቤ በፖስታ እልካለሁ፤ ሕጉም እንደሱ ነው" ሲለኝ፣ እፎይ አልሁ። እፎይ!

አጎቴ ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም። ይህንም አውቃለሁ። ትንሿ ልጃቸው ወታደር ናት፣ ለሰንበት ቤት ትመጣለች፤ አንብባ ለስለስ አድርጋ ትነግራቸዋለች ብዬ ራሴን አታለልሁ። የእኔን ሸክም ለልጅ አሸከምሁ።

የሆነውን ራሷ ናት ደውላ የነገረችኝ። አጎቴ የፖስታውን ማስታወቂያ አግኝተው ዓርብ ጠዋት ሄደው ተሰልፈው፣ ፈርመው ተቀበሉ። ፖስታው ላይ የድርጅቴን ማኅተም አይተው አወቁት። ሆቴል ሳሉ ለበዓል የምስጋና ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበርና፣ እኔም አመስግኜ የጻፍሁላቸው መሰላቸው። ሳይከፍቱት አቆዩት። ማታ ከኪዱሽ፣ ከሰንበቱ የወይን ቡራኬ፣ በኋላ ልጆቹ፣ አማቾቹ፣ ሁለት ጎረቤቶችም ባሉበት፣ ከኪሳቸው አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት። "ከወንድምሽ ቢሮ የመጣ ነው። ጮክ ብለሽ አንብቢው" አሏት።

እሷም ቆማ አነበበች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ገባት፤ "አባ፣ በኋላ ላንብበው?" አለች። "አይ፣ ጨርሽው" አሉ። ጨረሰችው። የመታወቂያ ቁጥራቸውን ሳይቀር አነበበችው።

"ለምን አልደወልክልኝም?" አለችኝ እያለቀሰች፣ አማርኛዋን ከዕብራይስጡ እየቀላቀለች። "ለምን ሚክታቭ፣ ለምን ደብዳቤ? አባቴን ከሥራ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ!"

 

እሑድ ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት አጎቴ በሩ ላይ ቆመዋል። የሥራ ልብሳቸውን አጥበው፣ አጣጥፈው፣ በላስቲክ ይዘውታል። ቁልፉን ከላዩ አስቀምጠዋል። ሰጡኝ።

"በደብዳቤ?" አሉ።

"ጋሼ፣ ለክረምቱ ብቻ እኮ ነው። ሁሉም ቃብላን እንዲህ ነው የሚያደርገው። የካቲት ላይ…"

"ክረምቱንስ አውቀዋለሁ። ሦስት ክረምት ያንን ብረት ስፈገፍግ ክረምት መሆኑን የማላውቅ መሰለህ? 'ጋሼ፣ ዘንድሮ ጎድሎብኛል' ብትለኝ እኔው ራሴ እቀር ነበር። ለሞት እንኳ ሰው ይላካል።"

ይህን ብለው በእግራቸው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ላድርስዎ ብዬ መኪናዋን አስነሳሁ፤ አልዞሩም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። በታኅሣሥ አምስት ቀን ሳያቋርጥ ዘነበና ስልኬ ጮኸ። ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ከኢትዮጵያውያኑ ገዳም ከደብረ ገነት አጥር አጠገብ፣ የአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ነው። ጣሪያቸውን ከበዓላት በኋላ በነበረው ግርግር፣ ከሌሎች ሁለት ጣሪያዎች ጋር እየተሯሯጥን ነበር የሠራነው። አሁን መጻሕፍታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሁለቱን ሠራተኞች ለምኜ ይዤ ወጣሁ። ውሃ ሞላን፣ ደፈንን፣ ሌላ ንጣፍ ደረብን። በማግስቱ ዘነበ፤ በማግስቱ አፈሰሰ። "ባለፈው አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ የት ሄዱ?" አሉኝ መምህርቷ። ታመዋል ብዬ ዋሸሁ።

ያኔ ነው ሽማግሌ ትዝ ያለኝ። አያችሁ ጉዴን? ለማሰናበት ያልላክሁትን ሽማግሌ ጣሪያ ሲያፈስብኝ ላክሁት። አንድ ቄስና ሁለት የአገር ሰዎች ለመንሁ። ስለ ጣሪያው አንድም ቃል አልነገርኋቸውም፤ አጎቴን በድያለሁ፣ አስታርቁኝ ብቻ አልሁ። አጎቴ በክብር ተቀበሏቸው፣ ከፍ አድርገው አስቀመጧቸው። እኔ በሩ ሥር ቆምሁ።

"ልጅዎ አጥፍቷል። ጥፋቱንም አምኗል። ለእኛ ሲሉ ይቅር ይበሉት" አሉ ቄሱ።

 አጎቴ ወደ እኔ ዞረው "የማን ጣሪያ ነው የሚያፈሰው?" አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "የምን ጣሪያ?" አለ አንደኛው።

"አይ፣ እንዲያው ነው። አምስት ቀን ሙሉ ዘነበ። አምስት ቀን ከዘነበ በኋላ ሽማግሌ ሲመጣ አንድ ቦታ ጣሪያ አፍስሷል ማለት ነው።"

"እንደዚያ ነው?" ብለው ቄሱ አፈጠጡብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "አዎ አባ" አልሁ። "የመምህርቷ ቤት ነው።"

ሽማግሌዎቹ አፈሩ፤ የማፍረው እኔ፣ ያፈሩት እነሱ። አጎቴ ግን አልተቆጡም። ቢቆጡ ምንኛ ጥሩ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ፣ በእጃቸው አነሱኝ።

"ይቅር ብያለሁ" አሉ። "ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጥቶ እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። ቂም የለኝም። ሥራውንም እሠራለሁ። ግን የወጣሁት በደብዳቤ ነው፤ የምገባውም በደብዳቤ ነው።"

"ጋሼ፣ ዛሬውኑ አስጽፌ በእጄ አመጣልዎታለሁ።"

"የፊተኛውን በእጅህ አመጣኸው?"

 "በፖስታ ይላክልኝ" አሉ ቀጠል አድርገው።

ሂሳብ ሠሪው ሲሰማ ሳቀ። "ይህን ያህል ሥርዓት የሚያውቅ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም" አለ። ደብዳቤው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በየጠዋቱ ወደ መምህርቷ ቤት እየሄድሁ ባልዲ ደፋሁ፣ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ አዛወርሁ፣ ላስቲክ አለበስሁ። አሮጊቷ የሚሉኝን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ይገባኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን አጎቴ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሰዓት፣ ደቂቃ ሳያጎድሉ ሳይጨምሩ፣ መጋዘኑ ደረሱ። ድሮ ከእኔ ቀድመው ነበር የሚመጡት። ደብዳቤውን አሳዩኝ፤ ልክ ነው አልሁ። ልብሳቸውን ለበሱ። መኪና ውስጥ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኝ ነበር ድሮ፤ አልጠየቁኝም።

ዝናቡ በዚያ ጠዋት አቁሞ ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥተው ተንበረከኩ። በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ሄዱና ከጎረቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሙ። ንጣፉ ግድግዳው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ መታጠፍ ሲገባው ወለሉ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ውሃው ግድግዳውን ይዞ እየወረደ በዚያ ይገባል።

"ይህን ጥግ ማን ነው የሠራው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ቸኩዬ ነው።"

ድሮ ቢሆን "አንተ ደነዝ!" ብለው ባርኔጣቸውን ይወረውሩብኝ ነበር። እናቴን ሳይቀር ይጠሩብኝ ነበር፤ "እህቴ የወለደችው ጉድ!" ይሉ ነበር። ባርኔጣው እንዲመጣ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ በልጅነቴም እንዲህ አባት ናፍቆኝ አያውቅም።

"ይሁን፣ ይስተካከላል" አሉ። ቢላዋቸውን አወጡ።

እኔ ሬንጁን በጋዙ አሞቃለሁ፣ እሳቸው ይለጥፋሉ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት መነኩሲት ዝናቡ አቁሟል ብለው ልብስ ያሰጣሉ። አማርኛችንን ሰምተው ቀና አሉ።

"እንዴት አደራችሁ? አነጋገራችሁ የጎንደር ነው መሰለኝ።"

"እግዜር ይመስገን እማሆይ፣ ጎንደር ነን" አሉ አጎቴ።

"ልጅዎ ነው? ይባረክ። በዚህ ብርድ አባቱን ይዞ የሚሠራ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል!"

እሳቱን ይዤ አቀረቀርሁ። ስንት ሰው እንዲህ ጠይቋቸው ያውቃል! ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነበር፤ "አዎ፣ ልጄ ነው።"

"አይ እማሆይ፣ ልጄ አይደለም" አሉ። "አሠሪዬ ነው። ደህና አሠሪ ነው። ሥራ ሲጠፋ በደብዳቤ ያሰናብተናል፣ ሥራ ሲመጣ በደብዳቤ ይጠራናል።"

ለነገር ብለው አልነበረም። ድምፃቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። ስለ አየሩ እንደሚያወሩ ነው የተናገሩት።

"እግዜር ይስጠው" አሉ መነኩሲቷ፣ ወደ ልብሳቸውም ተመለሱ።

አጎቴ አሁንም ከእኔ ጋር ይሠራሉ። በየዓመቱ ከሲግድ በኋላ ደብዳቤ ይሄድላቸዋል፣ በየካቲት ሌላ ደብዳቤ ይሄድላቸዋል። ባለፈው ዓመት ክረምቱን ይቆዩ ብዬ የማሰናበቻውን ደብዳቤ ሳልልክ ብቀር፣ ልጃቸውን አስደውለው "የአባቴ ሚክታቭ ዘገየ" አስባሉኝ፤ ላክሁ። ሂሳብ ሠሪው ሥራህ መልክ ያዘ ይለኛል፤ ክረምትና በጋን ማቻቻል ያወቀ ቃብላን አንተ ብቻ ነህ ይለኛል። የመምህርቷ ጣሪያም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጠብታ አላፈሰሰም።